ጣታችንን ከስልክ ጋር ያሰረው ምንድን ነው?



ባለፈው ወር ከትምህርት በኋላ በር ላይ ቆመን ስንጨዋወት ከመካከላችን አንዲት እኅት፣ «ስልኬን የማነሣው ሰዓት ለማየት ብዬ ነው። ቀና ስል ግን እናቴ እራት አቅርባ፣ አንሥታ፣ ሳሕን ስታጥብ አገኛታለሁ። ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ደግሞ አሁንም አላየሁም» ብላ አሳቀችን። ሣቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ማስታወስ ጀምረን ነበርና።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተግሣጽ ሰምተናል። ወላጆቻችን «የዘመኑ ልጆች!» ብለው ይጀምራሉ፤ መምህራን ስንፍና ይሉታል፤ እኛም እርስ በርሳችን «ራስህን ግዛ» እንባባላለን። ተግሣጹ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ሰው ሳይፈልግ የሚያደርገውን ነገር ለመተው በመጀመሪያ ያ ነገር በምን እንደ ያዘው ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ አያያዙ እንነጋገር። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴም ጥፋት አለ፤ እርሱን በቦታው እናገራለሁ።

አስቀድሞ ስለ «ሱስ» ቃል ጥቂት እንበል፤ ቃሉን በየሜዳው መወርወር ልማድ ሆኖብናልና። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በጌም ምክንያት የሚመጣ የጤና መታወክ ተመዝግቧል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ሰውዬው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም መቈጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከትምህርትና ከሌላው ሥራ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን በዓይኑ እያየም ሲቀጥል ነው። ይህም ሁሉ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲታይ ነው እንጂ በአንድ የዕረፍት ሳምንት አይፈረድም። የማኅበራዊ መገናኛ ሱስ የሚባለው ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ አልገባም። እንግዲህ ወንድሙ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲጫወት ያየ ሁሉ «ሱሰኛ» ብሎ ስም ሊያወጣለት አይገባም። እኔ አውጥቼ ነበር።

አሁን ወደ እርግቦቹ እንሂድ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እርግቦችን በሣጥን ውስጥ አስገብቶ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። በሣጥኑ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር አለች፤ እርግቧ ያችን በምንቃሯ ስትነቁር ጥራጥሬ ይወርድላታል። በነቆረች ቍጥር ጥራጥሬ የሚወርድላት እርግብ ሲርባት ትነቁራለች፤ ስትጠግብ ትተዋለች። ይህ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ሌላው ነው። ጥራጥሬው አንድ ጊዜ ከሦስት ንቆራ በኋላ፣ ሌላ ጊዜ ከኀምሳ በኋላ፣ ደግሞ ወዲያው በሁለተኛው፣ ሳይታወቅ የሚወርድላት እርግብ ያለ ዕረፍት ትነቁራለች። ጥራጥሬው ጨርሶ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ያች የመጀመሪያዋ ቶሎ ተስፋ ስትቈርጥ ይህችኛዋ ለረጅም ጊዜ አትተውም። «ምናልባት የሚቀጥለው ይሆናል» የምትል ይመስላል። ስኪነር ከቻርልስ ፈርስተር ጋር ይህን በሰፊው የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በውጭ አገር ቁማር ቤቶች ያለው እጀታው የሚጐተት ማሽንም ሰውን የሚይዘው በዚሁ መንገድ እንደ ሆነ ራሱ ስኪነር ተናግሯል።

እስቲ ስልካችሁን አስቡ። ገጹን በጣት ወደ ታች ጐተት አድርገን እንለቃለን፤ ትንሽ ክብ ነገር ትዞራለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ የማይረባ፣ አንዳንድ ጊዜ የሚያስቅ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ልብ የሚያሞቅ፣ ለምሳሌ የምንወደው ሰው መልስ። ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር ቢመጣ ኖሮ እንጠግብ ነበር። ሁልጊዜ የማይረባ ቢመጣም እንተወው ነበር። የያዘን አለመታወቁ ነው።

በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የተማርሁበት ይህ ነው። በአእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በየቪድዮው «የደስታ ንጥረ ነገር» ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። ቮልፍራም ሹልትስ የተባለው ተመራማሪ ለጦጣዎች የፍራፍሬ ጭማቂ እየሰጠ ዶፓሚን የሚያመነጩትን የአእምሮ ሕዋሳት ይለካ ነበር። በመጀመሪያ ሕዋሳቱ የሚነቁት ጭማቂው ሲመጣ ነበር። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ሁልጊዜ መብራት ሲበራ ጦጣው ይህን ለመደ፤ ከዚያ በኋላ ሕዋሳቱ በመብራቱ ላይ ይነቁ ጀመር፤ ጭማቂው ሲመጣ ግን ምንም አልሆኑም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ሕዋሳቱ ከወትሯቸው በታች ዝም ይላሉ። እንግዲህ ነገሩ ከደስታው ይልቅ ከተስፋው ጋር የተያያዘ ነው። ከኪስ ውስጥ የምትሰማው «ቲንግ» መብራቱ ናት።

ኬንት ቤሪጅ የተባለ ሌላ ተመራማሪም መፈለግና መውደድ በአእምሮ ውስጥ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው አሳይቷል። ሰው የማይወደውን ነገር አጥብቆ ሊፈልግ ይችላል ማለት ነው። ሌሊቱን ቲክቶክ ሲያይ አድሮ ጠዋት «ምን አየህ?» ሲሉት አንድም የማያስታውስ ልጅ ውሸታም አይደለም። ፈልጓል፤ አልወደደም።

መቼም ቡና የማይጠጣ ቤት በመካከላችን ጥቂት ነው። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ይወርዳል። ከበረካ በኋላ ጎረቤት ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች፤ ማንም «ሂጂ» አላላትም፤ ቡናው ራሱ መጨረሻ አለውና። ጋዜጣም እንዲሁ ያልቃል፤ መጽሐፍም ምዕራፍ አለው። መጨረሻ ያለው ነገር ለሰው «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» ብሎ የሚያስብባትን ጥቂት ጊዜ ይሰጠዋል። በድሮው የኢንተርኔት ገጽም ታች ስንደርስ «ቀጣይ» የሚል መጫን ነበረብን። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ገጹ ማለቂያ ሳይኖረው እየተጨመረ እንዲሄድ የሚያደርግ ዘዴ አወጣ፤ የሰውን ጣት ከድካም ለማዳን አስቦ ነበር። በኋላ በሥራው መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። ዛሬ በእጃችን ያለው በረካ የሌለው ቡና ነው።

ይህ ሁሉ ግን በሽማግሌውም ላይ ይሠራል፤ ለምን እኛን የበለጠ ይይዘናል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በጉርምስና ዘመን ለሽልማት የሚነቃው የአእምሮ ክፍል ቀድሞ ይበረታል፤ «ቆይ፣ አስብ» የሚለው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ነበር። 32 ወጣቶች አእምሯቸውን በሚያነሣ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ፎቶግራፎች ታዩአቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ስንት «ላይክ» እንዳገኘ ተጽፏል። ቍጥሩን የወሰኑት ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ወጣቶቹ ብዙ ላይክ ያለውን እነርሱም ላይክ ወደ ማድረግ አዘነበሉ፤ አንዱን ፎቶ በብዙ ቍጥር ያየው ወደደው፤ ያንኑ በጥቂት ቍጥር ያየው አለፈው። የራሳቸው ፎቶ ብዙ ላይክ አግኝቶ ሲያዩ የሽልማቱ ክፍል በረታ። ከፎቶዎቹ መካከል የሲጋራና የመጠጥም ነበሩ፤ ወጣቶቹ እነዚህን ሲመለከቱ «ቆይ» ባዩ ክፍል ሥራው ቀዘቀዘ። በእኛ ዕድሜ የእኩዮች ዓይን ትልቅ ነገር ነው። ድሮም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን በቍጥር አልተጻፈም።

ስለ ማነጻጸር ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ሰው ራሱን የሚለካው በአጠገቡ ካሉት ጋር እያስተያየ እንደ ሆነ ጽፎ ነበር። ያን ጊዜ አጠገብ ማለት ሰፈር ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ግን አንድ ሌላ ነገር አየን። በታክሲው፣ በወረፋው፣ በየካፌው ሰው አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ የአንዲት አይጥ መሳይ እንስሳ ሥዕል ይነካካ ነበር። በቴሌግራም ላይ የሚሠራው ሃምስተር ኮምባት ነው። ባለቤቶቹ 300 ሚሊዮን ያህል ተጫዋች እንዳላቸው ይናገሩ ነበር። ከጌሙ የወጣ ሰው ሳንቲም የሚጠራቀምለት ለ3 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ካልተመለሰ ይቆም ነበር። በየቀኑ የሚለወጥ ምስጢራዊ ቃል በሞርስ ምልክት ያስገባ 1 ሚሊዮን፣ የዕለቱን ሦስት ካርዶች ያገኘ 5 ሚሊዮን የጌም ሳንቲም ይጨመርለት ነበር። ሌሊት በማንቂያ ደወል እየተነሡ የሚነካኩ ሰዎችን አውቃለሁ። ሥራ ያጣ ወጣት ይህን ሲያደርግ ስንፍና ነው ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ሌሊት ተነሥቶ የሚሠራ ሰው ሰነፍ አይባልምና። የያዘው ተስፋ ነበር፤ ከተስፋውም ጋር የማጣት ፍርሃት። ዳንኤል ካነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት አንድ ነገር ማጣት የሚያሳምመን ያንኑ ማግኘት ከሚያስደስተን ይበልጣል። «እስካሁን ይህን ያህል ደክሜ አሁን እንዴት ልተው?» የሚለውን አስተሳሰብ ደግሞ አርክስና ብሉመር በ1985 አጥንተውታል። የደከምነው ድካም ተመልሶ አይመጣም፤ ልባችን ግን ሊተወው አይወድም። እውነተኛው የዲጂታል ገንዘብ የተከፋፈለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ የደመራ ዕለት። የአንዱ ዋጋ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም አልራቀም፤ ለብዙዎች የደረሳቸው ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነ። በማግሥቱ ሌላ የሚነካካ ጌም የጀመሩ ነበሩ።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር።

ታናሽ ወንድሜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤት ስለ ቀየርን በዓመቱ መካከል ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። እናታችን «ልጄ ሲያጠና ያድራል» ትል ነበር፤ በክፍሉ በር ሥር ብርሃን ታያለችና። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ ከጋቢው ሥር ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጋቢውን ገለጥሁ፤ ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ ጦርነት የሚመስል ጌም ይጫወታል። «አንተ ሱሰኛ!» ብዬ ስልኩን ነጠቅሁት። «እባክህ አምስት ደቂቃ፣ ቡድኔን ጥዬ ልሂድ?» አለኝ። ስልኩን ከግድግዳ ጋር አጋጨሁት። እናታችን ደንግጣ ተነሣች። እርሱ አላለቀሰም፤ አልጮኸም። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት አልተመለሰም፤ ሁለት ሌሊት በክፍል ጓደኛው ቤት አደረ። እናታችን እነዚያን ሁለት ሌሊቶች በር በሩን ስታይ ያየኋት እኔ ነኝ።

ሲመለስ ምንም አልጠየቅሁትም። ስልኩን አሠርቼ ሰጠሁት፤ ከዚያም አጠገቡ ተቀምጬ «እስቲ አሳየኝ» አልሁት። ተጠራጠረኝ። እንድጫወት ሰጠኝ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሞትሁ። ሣቀ። ከስንት ወር በኋላ ሲሥቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ነገረኝ፤ አራት ናቸው፤ አንዱ ድሬዳዋ ነው፣ አንዱ ጅዳ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ አንዱ የት እንደ ሆነ አይታወቅም። መሪያቸው ወንድሜ ነው። ወዴት እንደሚሄዱ የሚናገረው እርሱ ነው። «እዚያ እኔ ስናገር ይሰሙኛል» አለኝ። በክፍሉ ውስጥ ግን ከገባ ጀምሮ በዕረፍት ሰዓት የሚቆመው ከአጥሩ ሥር ብቻውን ነበር፤ ይህን እኛ ቤት ማንም አያውቅም።

በኋላ እንዳነበብሁት ሪቻርድ ራያን፣ ስኮት ሪግቢና አንድሩ ፕሺቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ሰዎች ጌም ለምን እንደሚወዱ አጥንተው ነበር። ሰው ሦስት ነገር ይሻል፤ ይኸውም የሚችለው ነገር እንዲኖረው፣ በራሱ ፈቃድ እንዲመርጥ፣ ከሰው ጋር እንዲተሳሰር ነው። ጌም ሦስቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ለአንዳንዱ ልጅ በዓመትም አይሰጠውም። ኪፕሊንግ ዊልያምስ የሠራው ሌላ ፈተና ደግሞ አለ። ሦስት ሰዎች በኮምፒውተር ላይ ኳስ ይቀባበላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ሁለቱ ለሦስተኛው መወርወር ይተዋሉ። ሁለቱ እውነተኛ ሰዎች እንኳ አይደሉም፤ የኮምፒውተር ሥራ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን አያውቅም። ጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሰውዬው ግን ከልቡ ያዝናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ በዚህ ጊዜ የሚሠራው የአእምሮ ክፍል የአካል ሕመም ሲሰማን ከሚሠራው ጋር የሚገናኝ እንደ ሆነ አሳዩ። ወንድሜ ከአጥሩ ሥር አንድ ሙሉ ዓመት ቆሟል። ሌሊት ኳሱን የሚወረውሩለት ሦስት ልጆች አገኘ፤ እኔ ያን ነበር ከግድግዳ ጋር ያጋጨሁት።

ይህን ስል ጌሙ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የቀረ ማዕረጉ እንዲቀንስበት፣ ጨዋታውም መካከል ላይ የማይቋረጥ እንዲሆን የሠሩት ሰዎች አሉ፤ እነርሱም እርግቦቹን ያውቃሉ። ነገር ግን ሁለቱን ለይተን እንይ፤ አንዱ ወጥመዱ ነው፣ ሌላው ልጁን ወደ ወጥመዱ የወሰደው ረኀብ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ማጋነን የሚወዱ አሉ። ኤሚ ኦርበንና ፕሺቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ350 ሺህ በላይ ወጣቶችን የሚመለከት መረጃ መርምረው በዲጂታል መሣሪያ መጠቀም ከወጣቶች ደኅንነት ልዩነት ውስጥ ቢበዛ ከመቶ 0.4 ያህሉን ብቻ እንደሚገልጽ ጻፉ፤ ድንች አዘውትሮ ከመብላት ጋር የሚቀራረብ ነው ማለታቸውም ሰውን አሥቋል። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ በዚህ ይከራከራሉ። እኔ ግን አማካይ ቍጥር ስሰማ ወንዝ ትዝ ይለኛል፤ በአማካይ እስከ ጉልበት ነው የተባለ ወንዝ መካከሉ ላይ ሰው ይወስዳል። ሕግ ያወጡ አገሮችም አሉ። ደቡብ ኮርያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት በኮምፒውተር ጌም እንዳይጫወቱ ከልክላ ነበር፤ ልጆቹ ሕጉ ወደማይነካው ወደ ስልክ ጌም ዞሩና በ2022 መጀመሪያ ሕጉ ቀረ። አውስትራልያ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ መገናኛ የሚከለክለውን ሕግ በታኅሣሥ 2025 በሥራ ላይ አውላለች፤ ፍሬውን ወደ ፊት እናያለን።

እኛ ቤት ያደረግነው ትንሽ ነው። የሁላችንም ስልክ፣ የእናታችንም ጭምር፣ ማታ ቻርጅ የሚደረገው ሳሎን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሆነ። እኔም ሌሊት የማላውቀውን ሰው ክርክር አነብ ነበርና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወንድሜ ይልቅ ለእኔ ከበዱ። «ቲንግ» የሚለውን ድምፅ ከሰው ጥሪ በስተቀር ከሁሉም አጠፋን። ወንድሜ ከቡድኑ ጋር ተነጋግሮ ሰዓታቸውን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዛወሩ፤ የጅዳው ልጅ ብቻ ተቈጣ። ውሉ የሚፈርስበት ሳምንት አለ፤ ፈተና ሲደርስ በተለይ ይፈርሳል። ከአጥሩ ሥር ስለ መቆሙ ግን እናታችን የክፍል ኀላፊውን መምህር ሄዳ አነጋገረች፤ ያ ከሁሉ የዘገየ ሥራችን ነበር። አሁን በዕረፍት ሰዓት ከአንድ ልጅ ጋር ይቆማል። አንድ ነው፤ ግን አለ።

ይህን ጽሑፍ ያለ ፈቃዱ ማውጣት ስላልፈለግሁ ረቂቁን ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ እስክርቢቶ ጠይቆኝ ሁለት ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። «ስምንት ሰዓት አልነበረም፤ ዘጠኝ ከሩብ ነበር» አለ። ሁለተኛው ምልክት፣ አላለቀሰም ብዬ ከጻፍሁት ቃል ሥር ነበር። «አንተ ከወጣህ በኋላ ነው» አለኝ፤ እስክርቢቶውንም መለሰልኝ።